የተረከዝ ፍሬን

መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያላለኝ ሠልጣኝ የለም። ሞተሩን ያጠፉና ይሉኛል፤ ማርሹን እየፋቁ ይሉኛል። ተረቱን ከሰማሁት ብዛት የተነሳ እንቁላሉንም መጥላት ጀምሬ ነበር። እትዬ ልብስ ሰፊዋ ግን አላሉኝም። የመጀመሪያ ቀን መኪናው ውስጥ ገቡ፣ ወንበሩን ወደፊት ሳቡ፣ ጎንበስ ብለው ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬኑንና ነዳጁን ተራ በተራ አዩና «ሦስት ምን ያደርጋል? አንዱ ይበቃ ነበር» አሉ።

ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ስፌት የያዙት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ነው። ከዚያ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥረው በሞተር መኪና ሃያ ሁለት ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ሰፉ። ኮሌታ ብቻ። «እጅጌ ሲሰፋ አየሁ እንጂ ሰፍቼ አላውቅም ነበር» ይላሉ፣ ሳይከፋቸውም ሳይስቁም። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍላቸውን የስፌት ቤት አደረጓትና የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመሩ። የተሰፋውን በፒክአፕ ጭነው ለሱቆች የሚያደርሱት ባለቤታቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዶሮ እንኳን ገጭቼ አላውቅም» ሲሉ ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም፤ እውነታቸውንም ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዓይናቸውን ታመሙ። ፊት ለፊት ያለውን ጋዜጣ ያለ መነጽር ያነባሉ፤ ከጎን የሚመጣውን ግን ግመል ቢሆን አያዩትም። የዓይን ሐኪሙ መንዳት እንዲያቆሙ ነገራቸው። «የትናንት ልጅ ነው» ብለው ተመለሱ። ሁለቴ የግቢያቸውን በር ታከኩ፤ ሁለቴም በሩ ተጣሞ ነው የተተከለው አሉ። ሚስታቸው ቢወተውቷቸው ጊዜ «መንጃ ፈቃድ አውጪና ያን ጊዜ መሪውን እለቅልሻለሁ» አሉ። መቼም አታወጣም ብለው ነው።

ይህን ሁሉ እትዬ የነገሩኝ ገና ቀበቶ ሳያስሩ ነው።

«ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ ነው ወንድሜ» አሉኝ። «ሰው ሳይገድልብኝ አስተምረኝ።»

ፍሪሲዮን ላይ እንደ እሳቸው ያለ ሰው አላስተማርኩም፤ ይህን ለማስደሰት አልነገርኳቸውም፣ እዚህም ለማስደሰት አልጽፈውም። ሌላው ሠልጣኝ ወር ሙሉ መኪናውን እንደ ፍየል የሚያዘልልበትን ነገር እሳቸው በሁለተኛው ቀን ጨረሱት። ኮሌታ ጫፍ ላይ ሲደርስ መርፌዋን አንዴ አውርዶ፣ አንዴ አውጥቶ መቆም የለመደ እግር ነው። ዳገት ላይ መኪናውን ያለ ፍሬን በፍሪሲዮን ብቻ አንጠልጥለው ይዘው «እና አሁን ምን ላድርግ?» ይሉኛል።

መሪ ላይ ግን ጉድ ነው። መርፌ ሥር እንደሚያዩ አፍንጫቸው ሥር ያለውን አስፋልት ስለሚያዩ መኪናው ወዲህና ወዲያ ይላል። የልምምዱ ሜዳ ልጆች በሦስተኛው ቀን «እትዬ ዚግዛግ» የሚል ስም አወጡላቸው። «ሩቅ ይዩ እትዬ፣ ሩቅ!» እያልኩ ጉሮሮዬ ነቃ። በሁለት ሳምንት ተስተካከለ።

ያልተስተካከለው ተረከዛቸው ነው። የፋብሪካ የስፌት መኪና በጣት ጫፍ ሲረገጥ ይሄዳል፤ ተረከዝ ወደ ኋላ ሲጫን ቀጥ ይላል፣ ክሩንም ይቆርጣል። እትዬ ድንገት ሲደነግጡ ቀኝ ጣቶቻቸውን ያነሱና በተረከዛቸው ወለሉን ባላቸው ኃይል ይጫኑታል። መኪናው ይሄዳል።

«ያቁሙ!»

«ቆሜያለሁ እኮ!»

«አልቆሙም፣ እየሄድን ነው!»

በእኔ በኩል ሌላ ፍሬን ባይኖር ኖሮ የሜዳው አጥር ዛሬ የለም። ነገሩን ሲረዱት ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን አልሳቁም። ቤታቸው ያለችውን የሞተር ስፌት መኪና በጨርቅ ሸፍነው አሮጌዋን የእግር መኪና ከአልጋ ሥር አወጡና ሦስት ሳምንት በእሷ ሰፉ። ሥራቸው በግማሽ ቀነሰ። ተረከዙም የጠፋ መሰለን።

የፈተናው ቀን ወደ ኋላ ነዱ፣ አቆሙ፣ ዳገቱን ወጡ። ፈታኙ ጥፋት ፈልጎ አጣ። መጨረሻ ላይ ግን እንደ ደንቡ ሳይነግራቸው ዳሽቦርዱን በመዳፉ መታና «ያቁሙ!» አለ። አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል። ጣቶቻቸው ተነሱ፣ ተረከዛቸው ወረደ፣ መኪናው ፈታኙ ራሱ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ሄደ። ውጤቱን የያዘችውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ ግን አዘንኩ። ስንቱ ሠልጣኝ ሲወድቅ ሻይዬን ጠጥቼ ቤቴ ገብቻለሁ፤ የዛን ቀን አልቻልኩም።

ጋሼ በፈተናው ሜዳ በራፍ ላይ ፒክአፑ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቋቸው ነበር። ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«አይዞሽ፣ ሁሉም ሰው ሹፌር አይሆንም» አሉና ሞተራቸውን አስነሱ።

እኔም በማስተማሪያዋ መኪና ከኋላቸው ወጣሁ። ሁለተኛው መሻገሪያ ላይ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ከቀኝ በኩል ገባች። ፒክአፑ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ክላክስ ላይ ተደገፍኩ። ያን ጊዜ የፒክአፑ የኋላ ጎማዎች ጮኹ፤ መኪናው አግድም ተንሸራቶ ሴትየዋ ጋ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሴትየዋ የምትችለውን ስድብ ሁሉ ተሳድባ ተሻገረች።

ወርጄ ስደርስ እትዬ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው ጎትተው እንደያዙ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው የጎተትሽው?» አሉ ጋሼ፣ ተቆጥተው።

«ሰው ነበር።»

«የምን ሰው?»

እኔ ነኝ የመለስኩት። «ሴትየዋ ናት ጋሼ። ቀይ ጃንጥላ የያዘችው።»

«ቀይ?» አሉ። ሙሉ አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ፤ እዚያ የለችም። ወደ ግራ አሳየኋቸው። ጃንጥላዋ በእግረኛው መንገድ ላይ ስትርቅ እስኪያዩዋት ድረስ ጠበቅኳቸው። ከኋላችን የቆመው ሁሉ ክላክስ ያስጮሃል።

ጋሼ ወረዱ። የሞተሩን ክዳን በእጃቸው እየዳበሱ ዞሩና የሚስታቸውን በር ከፈቱ። «አስጠጋው» አሉኝ። ፒክአፑን ዳር አስይዤ ቆለፍኩና ቁልፉን ልሰጣቸው ስል በአገጫቸው ወደ እትዬ አመለከቱኝ።

«ፈተናው የሚደገመው መቼ ነው?»

«በሦስት ሳምንት ነው ጋሼ።»

«በሉ ግቡ፣ በእኔ መኪና ላድርሳችሁ» አልኩ።

«ተወው» አሉና የእትዬን ክንድ ይዘው በቀኛቸው በኩል አቆሟቸው። «በእግር መሄዱን ከዛሬ ልልመደው።»