ለሰው መነሣት

የምሠራው ያረጀ ጡንቻን የሚጠግኑ ሕዋሳት ላይ ነው። በጡንቻው ክር ጎን ተጣብቀው ተኝተው ይኖራሉ፤ ጡንቻው ሲሠራና ሲጎዳ ነቅተው ይባዛሉ፣ የተበጠሰውን ይተካሉ። ዕድሜ ሲገፋ እንቅልፋቸው ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ እነሱን ለመቀስቀስ ስታገል እውልና ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወዳለው ቤታችን እመለሳለሁ። እዚያ አባቴ ወንበር ላይ ናቸው።

አባባ በየእሑዱ እንጦጦ ድረስ በእግራቸው ወጥተው የሚያስቀድሱ ሰው ነበሩ። ባለፈው ክረምት ደጃፉ ላይ አዳለጣቸው። አጥንታቸው ደህና ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ታላቅ እህቴ መሬት አላስረገጠቻቸውም። ውሃው ይመጣላቸዋል፣ እግራቸው ይታጠብላቸዋል፣ ጋቢው ይስተካከልላቸዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ይመርቃታል። ጭናቸው ከጋቢው ሥር እየሟሸሸ መሆኑን የማየው እኔ ነኝ። እንዲህ ከቀጠለ ከነጭራሹ መቆም ያቅታቸዋል። ይንቀሳቀሱ ባልኩ ቁጥር እህቴ «ሙከራሽን እዚያው ሥራ ቦታሽ» ትለኛለች። እኔ ታናሽ ነኝ፤ የቤቱ የመጨረሻ ቃል የሷ ነው። ከእሳቸው ይልቅ እኔ የታሰርኩ ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶላቸው ነበር። ሰው ሲገባ «ኖር» ብለው ሊነሡ ይሞክራሉ፤ ለሕፃንም ቢሆን። ያደጉበት ነው። የገባው ሰው ደግሞ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ አይነሡ» እያለ ሮጦ ትከሻቸውን ይዞ ያስቀምጣቸዋል። ቤታችን ጠያቂ አይጠፋውም። እሳቸው ሊነሡ ሲሉ፣ እኛ በአክብሮት ስናስቀምጣቸው ይመሻል። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፤ ግን ማንን ልቆጣ? ሁሉም የሚያደርገው ከፍቅር ነው።

አንድ ቅዳሜ እህቴ ገበያ ወጥታ ሳለች ገባሁ። አባባ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው «ኖር» አሉ። አፌ ላይ የመጣውን «በእግዜር» ዋጥኩት። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። አፈርኩ፤ አባቷን የምትንቅ ልጅ መሰልኩ። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፣ ግንባራቸው አላበው፣ በመጨረሻ ቆሙ። ቆመው ትንሽ አዩኝና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እህትሽ ሳትመጣ ውጪና ደግመሽ ግቢ» አሉኝ።