በነሐሴ ውሃው በየት ያልፋል

ቂልነቴን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ይህን የሚያህል ሽበታም ሰውዬ ሆኜ፣ ዝናብ የጎረቤት ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር ጫማዬን አንስቼ አልጋ ላይ አወጣለሁ። የምንኖረው ደሴ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለቤቴ «ጎርፉ በደረጃ ነው የሚመጣው?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም እስቃለሁ፤ ጫማውን ግን አላወርድም።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ኮምቦልቻ፣ አንድ ፈፋ አፋፍ ላይ ነበር። በጋ በጋ ፈፋው ይደርቅና የኛ መፈንጫ ይሆን ነበር። የምርጫ ሰሞን ታዲያ አንድ እጩ የሰፈሩ ሰው ለዱዓ የተሰበሰበበት ወዳጃ ላይ መጥቶ ቁጭ አለና፣ ፈፋውን በአፈር ሞልቼ የኳስ ሜዳ አደርግላችኋለሁ አለ። አነጋገሩ ሲጥም፣ እኔ በልቤ ሁለት ጎል አግብቼ ጨርሻለሁ። ከጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ የመጣችው እናቴ ግን ከሴቶቹ በኩል ሆና «ሸጋ ነው ልጄ፤ በነሐሴ ውሃው በየት ያልፋል?» አለችው።

«ይጠናል፣ እትዬ» አለና ፈገግ አለ።

እሷ ልትቀጥል ስትል እኔ ሜዳው እንዳያመልጠኝ ፈርቼ «አሚን» ብዬ ጮህኩ። ወዳጃ ላይ አንዱ አሚን ካለ ሁሉም ይከተላል፤ ቤቱ በሙሉ አሚን አለ፣ ከአሚን በኋላ ደግሞ ነገር አይነሳም፣ የእናቴም ጥያቄ እዚያው ቀረ።

ሰውዬው ተመረጠ። በልጉን ገልባጭ መኪና አፈር ሲያራግፍ ከረመ፣ እኛም ኳሱን ጠገብነው። ሐምሌ ሲገባ እናቴ ማታ ማታ «ጫማችሁን አልጋ ላይ አውጡ» ማለት ጀመረች፤ ለምን ስንላት በሩን በሩን ታይ ነበር። እኔም ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኜ፣ ዝናቡን እያዳመጥኩ፣ ያችን አሚን መልሼ መዋጥ ያምረኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማና መሄጃ ያጣው ውሃ በጓሯችን ዞሮ ግድግዳውን ይዞት ገባ። እናቴ ታናሽ እህቴን ትከሻዋ ላይ ሰቅላ፣ እኔን በክንዴ እየጎተተች ስታስወጣን ውሃው ከጉልበቷ አልፎ ነበር። እናቴ ስትፈራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ተረፍን፤ ከዚያ ቤት ሳይርስ የወጣ ነገር ቢኖር ከአልጋው ላይ አንስቼ ደረቴ ላይ ያቀፍኩት ጫማችን ነበር።

በቀደም ደግሞ አንድ ወጣት እጩ ደሴ አዳራሽ ሰብስቦን ነበር። ያኔ የተገባልን ቃል ሜዳ ነበር፣ ዛሬ ሰፊ መንገድ ነው፤ አነጋገሩ ግን እንደዚያው ይጥማል። እጄን አወጣሁና ከመንገዱ የሚወርደው ውሃ በየት እንደሚያልፍ ጠየቅሁት። ሰው ሳቀ፤ ልጁም መለሰልኝ። ስወጣ ዛሬም ኮምቦልቻ ለምትኖረው እናቴ ደወልኩላትና የጠየቅሁትን ነገርኳት።

«ምን አለህ?»

«ይጠናል አለኝ፣ እማ።»

«በል ጫማህን አልጋ ላይ አውጣ» አለችኝ።