ልቤ ሲመታ የጎረፈልኝ ምክር

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ደብረ ብርሃን በዝውውር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ፋይል ታቅፌ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ጀመር። ቆይቶ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬም አልተወኝም።

መሥሪያ ቤታችን ሐኪም አላጣም፤ የጠፋው የተማረ ሐኪም ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው የሥራ ባልደረባዬ የደጋው አየር ስላልተስማማሽ ነው አለኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ደጋ፣ ሰላ ድንጋይ መሆኑን ብነግረውም ምርመራውን አልለወጠም። ገንዘብ ያዥዋ የሰው ዓይን ነው ብላ ጠበል አዘዘችልኝ። ኃላፊያችን ግን ሁሉንም አስከነዳ። ሠራተኛው በተሰበሰበበት ፍቅር ይዟታል ብሎ አወጀ። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሁሉም ሳቀ፤ የዓመት ፈቃድ የሚፈርመው እሱ ነዋ።

እኔም ብሆን ከእነሱ አልሻልም። ቡና አቆምኩና ራስ ምታት ብቻ አተረፍኩ። የወር አበባዬ አሥር ቀን አልፎ እየፈሰሰ፣ ነውር መስሎኝ ለማንም ሳልናገር ከረምኩ። የገዛ ደሜን ደብቄ የሌላውን አላዋቂነት እታዘብ ነበር።

አንድ ቀን ለመዝገብ ቁጥጥር አንኮበር ሄድን። ሥራው ሲያልቅ ኃላፊው አዲስ ስኒከሩን አድርጎ፣ ቤተ መንግሥቱ ወደነበረበት ኮረብታ ወጥተን ፎቶ እንድንነሳ አዘዘ። ፎቶው ለሪፖርት ነው አለን። እኩሌታው ላይ ዓይኔ ጨለመ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልቤ ደረቴን ሊቀድ ደረሰ፤ እጄ ቀዘቀዘ።

«ተነሽ እንጂ፣ የልብሽ ሰው ከላይ ሆኖ ይጠብቅሻል» አለ ኃላፊው፤ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኝ ጀመር።

ሾፌራችን የደነባ ሰው ነው፤ ካልተጠየቀ አይናገርም። ከታች ሆኖ ሲያየኝ ወጣና አጠገቤ ተንበረከከ።

«እህቴ፣ ከንፈርሽ ነጥቷል። እንውረድ።»

ኃላፊው ፎቶው ሳያልቅ መኪናው እንደማይንቀሳቀስ አስታወቀ። ሾፌሩ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነገረውና ደግፎኝ ወረደ።

ጤና ጣቢያ ያገኘችኝ ወጣት ባለሙያ እንደ መሥሪያ ቤታችን ሐኪሞች መልሱን ይዛ አልጠበቀችኝም። ጠየቀች እንጂ። ስንት ቡና እጠጣለሁ? እንቅልፌስ? ትኩሳት፣ ጭንቀት፣ የጉንፋን መድኃኒት፣ የክብደት መቀነስ አለ? እነዚህ ሁሉ ልብን እንደሚያስሮጡ ነገረችኝ። ከዚያ የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየችና ስለ ወር አበባዬ ጠየቀችኝ። አፍሬ ነገርኳት። ደም ወስዳ መረመረች።

«ደምዎ በጣም አንሷል» አለችኝ። «ልብዎ ያለችውን ትንሽ ደም ለማዳረስ ነው የሚሮጠው።»

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ላከችኝ፤ የወር አበባዬ መብዛት ምክንያት ክፉ ያልሆነ የማህፀን ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ታከምኩ። የአይረን ክኒኑን ለወራት ዋጥኩ። ቀስ በቀስ ፋይሌን ታቅፌ ደረጃውን ሳልቆም መውጣት ቻልኩ።

ከዚያ በአንድ ስብሰባ ላይ ኃላፊው ስለ ሠራተኛ ደህንነት ሲናገር እኔን ምሳሌ አደረገኝ። ሕመሜን ቀድሞ የተረዳው እሱ ነው፤ አንኮበር ላይ በመኪናው ለሕክምና ያደረሰኝም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ፊቴ ላይ ሳያፍር ተናገረ። ባልደረቦቼ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት።

እጄን አነሳሁ።

«ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ ሾፌሩ ነው» አልኩ። «እርስዎ ቪዲዮ ይቀርጹ ነበር።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ይህም ይጻፍ እንደሆነ ጠየቀ። ኃላፊው ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ አለ። ታለፈ። ከስብሰባው ስንወጣ ያቺው ገንዘብ ያዥ ክንዴን ይዛ፣ ይህን ያናገረኝ የሰው ዓይን እንደሆነ በሹክሹክታ ነገረችኝ።