ቀኑን ብቻ ቀይር

ሆስፒታልና የጤና መድን የሚጣሉት በገንዘብ ነው ይባላል። አይደለም። ደሴ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የመድን መስኮት ላይ በተቀመጥሁባቸው ዓመታት ያየሁት ጠብ ሁሉ ሁለቱም ወገን ባላነበበው ወረቀት የተነሣ ነበር።

ሥራ የጀመርሁ ቀን ኃላፊዬ ወይዘሮ ትርሲት የዓምናውን ውል ኮምፒዩተር ላይ ከፈተችልኝ። "ቀኑን ብቻ ቀይር" አለችኝ። ቀየርሁ፤ አተምሁ። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅና የመድን ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እየተሣሣቁ በየገጹ ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታ፤ ለስላሳ ተጠጣ። በየዓመቱ እንዲሁ አደረግሁ። ቤቴ እስከ ጣሪያው መጽሐፍ ነው፤ ያችን ስምንት ገጽ ግን አንብቤያት አላውቅም።

አንድ ሐምሌ ላይ ውሉ ሳይታደስ ቀረ። ሆስፒታሉ ውስጥ ያልተገኘ መድኃኒት ታካሚው ከውጭ ሲገዛ ገንዘቡን ማን ይተካለታል? ሆስፒታሉ "መድኑ" አለ፤ መድኑ "ሆስፒታሉ" አለ። ደሴ ተሰበሰቡ፤ ኮምቦልቻ ተሰበሰቡ። እኔም ታዝዤ "ውል ስለተቋረጠ የመድን ታካሚ አናስተናግድም" የሚል ማስታወቂያ ጽፌ መስኮቱ ላይ ለጠፍሁ። ፊደሉንም አሳምሬ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ሰይድ በክራንች መጡ። የደጋን ገበሬ ናቸው። አይሱዙ ገጭቷቸው፣ እኛው ዘንድ የተሰበረ እግራቸው ላይ አጥንቱን የሚይዝ ብረት ከቆዳው ውጭ ታስሮላቸዋል፤ የሚወጣበት ቀጠሮ ያን ዕለት ነበር። ብረቱ የገባበት ቆዳ መግል ይዟል።

"ውል የለም ጋሼ" አልኋቸው።

"ወላሂ፣ እኔ ያፈረስሁት ውል የለም።"

"እርስዎ አይደሉም፤ መሥሪያ ቤቶቹ ናቸው።"

"ታዲያ ብረቱ ያለው በማን እግር ነው?"

ወረፋው ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም።

"ውሉ ምን ይላል?"

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "ረጅም ነው" አልሁ።

"እኛ ዘንድ አንዲት ላም ጥጃዋን ልንካፈል ለእኩል ስንሰጣጥ እንኳ ሽማግሌ ፊት ጮክ ተብሎ ካልተነበበ ውል አይባልም። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። አንብብልኝ።"

አሰልችቼ ልሸኛቸው ይሁን እኔም ጓጉቼ እንጃ፣ ፋይሉን አውጥቼ ማንበብ ጀመርሁ። በየአንቀጹ "ቆይ፣ ድገመው" ይሉኛል። ሰባተኛው ላይ ድምፄ ቀነሰ። ውሉ ቢቋረጥ ወይም ሳይታደስ ቢቀር እንኳ ሕክምና የጀመረ ታካሚ እስኪጨርስ ድረስ በመድኑ ይታከማል ይላል።

"ምነው አነስህ? ጮክ በል!"

ጮክ ብዬ ደገምሁት። ለካ ትርሲት ከጀርባዬ ቆማለች።

"ጌታ ሆይ! ይህን ማን ጻፈው?"

"እኔ" አልኋት። "በየዓመቱ።"

ወዲያው ለመድን ጽሕፈት ቤቱ ደወለች። "እንዲህ ይላል እንዴ? ቆዩ፣ የእኛን ቅጂ ልፈልግ" አላት ባለሙያው። ቅጂው እስኪገኝ ጋሽ ሰይድ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው ነበር።

ማስታወቂያውን ቀደድሁት። በሦስቱ ሳምንት ግን እሱን እያነበቡ የተመለሱ ነበሩ። አንዲት የገራዶ ሴት ትዝ ትለኛለች። የጀመረችው ሕክምና ነበራት፤ የቀጠሮ ካርዷን አሳየችኝ፤ እኔ በጣቴ ማስታወቂያውን አሳየኋት። "እሺ" ብላ ሄደች። ተመልሳ አልመጣችም።

ውል የሚጠብቀው ያነበበውን ነው። መስኮት ላይ ያለው ሰው "ውል የለም" ሲልህ ወደ ቤትህ አትመለስ። ውሉን አውጥቶ ጮክ ብሎ እንዲያነብልህ ጠይቀው፤ እስኪያነብልህም ከመስኮቱ አትነሣ።