የሚወስድዎት ሰው ይዘዋል?

ሞላሌ ተዛውሬ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ከመሥሪያ ቤት ሰዎች በቀር የማውቀው የለም። የስኳር ሕመም ስላለብኝ ዓይኔን ልመረመር ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

"ጠብታው ዓይንዎን ለጥቂት ሰዓት ያደበዝዘዋል። የሚወስድዎት ሰው ይዘዋል?" አለችኝ ነርሷ።

ወረፋው ሁሉ መልሴን የሚጠብቅ መሰለኝ።

"እኔ አለሁለት!" አሉ አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው እናት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "እኔም ሰው የለኝም፤ አንተም አለሁላቸው በልልኝ" አሉኝ። አልኩላቸው።

ነርሷ ሳቀችና ለሁለታችንም ጠብታውን አደረገችልን። የዓይኔን ውስጥ በመሣሪያ ፎቶ አንስታ ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ከዓይንዎ ጀርባ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች እዚህም እዚያም አብጠዋል። ስኳሩን ካልተቆጣጠሩት ብርሃንዎን ሊያጡ ይችላሉ።"

እማማ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ስንወጣ ፀሐዩ አንጸባረቀብን፤ ሁለታችንም በቅጡ አናይም።

"ቤትዎ በየት በኩል ነው፣ እማማ?"

"ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።"

"የእኔም እዚያው ነው።"

እየተደነቃቀፍን ደረስን። ለካ የሚለየን አንድ የድንጋይ አጥር ብቻ ነው!

"ውይ! ብቻህን የምታወራው አንተ ነህ እንዴ?" አሉኝ እጄን ሳይለቁ። "እኔ እኮ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ስመልስልህ ነው የከረምኩት።"