የዳልቻ ገንፎ

ጨውም ዘይትም ያልነካው የማሽላ ገንፎ ሲፈላ የራሱ ሽታ አለው፤ ዝናብ የመታው የአገዳ ክምር ይሸታል። አሁን ወልዲያ ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል ውስጥ፣ ጎረቤቴ ለሕፃን ልጇ ስታገነፋ ያ ሽታ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባና፣ የያዝኩትን ደብተር አስቀምጬ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ለእሷ የሕፃን ምግብ ነው። ለእኔ ግን የውሻ ምግብ ነው፤ በጦርነቱ ዓመት በቀን አራት ጊዜ አገነፋው የነበረ።

ያደግሁት መርሳ ነው፣ ከእናቴ አባት ጋር። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ለሥራ ሳውዲ ሄደች፤ ከመሄዷ በፊት ከውርጌሳ አንድ አመድማ ቡችላ በካርቶን ይዛ መጥታ፣ እኔ እስክመለስ እሱን አሳድጊ ብላ ሰጠችኝ። ስሙን ዳልቻ አልነው። አያቴ፣ አባባ ነበር የምላቸው፣ ውሻ ግቢ ሲጠብቅ እንጂ ሲዳበስ አይወዱም ነበር። ለሃጩ ከነካሽ ሰባት ጊዜ ታጠቢ፣ አንዱን በአፈር፣ ይሉኝ ስለነበር ከበሩ አጠገብ፣ ከጀሪካኑ ጎን፣ አፈር የሞላበት ቆርቆሮ ሁልጊዜ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤቶቻችን ይቺ ልጅ እጇን አጥባ ልትጨርሰው ነው እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አባባ ግን ዳልቻን በከዘራቸው ጫፍ እንኳ ነክተውት አያውቁም።

ከጦርነቱ በፊት በነበረው ዐረፋ ሰፈሩ ሁሉ ሲያርድ፣ ዳልቻ የተጣለ የበግ ሞራ እስኪጠግብ በላና በማግስቱ ፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ወገቡን ሽቅብ አንስቶ፣ እንዲያ እንደሆነ ሲያቃስት ዋለ። ተሻለው ስንል እየተመለሰበት ወራት አለፉ፤ በመጨረሻ በገመድ እየጎተትኩ የከብት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ፣ አሁንም ዳብሶ፣ ቆሽቱ ተቆጥቷል አለኝ፤ ዕድሜ ልኩን የማይለቀው ነው፣ ስብ ከቀመሰ ይገድለዋል፣ ለስላሳ ነገር ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ በቀን አራት ጊዜ አብይው አለኝ። ቤት ገብቼ ለአባባ ስነግራቸው፣ ውሻም ቆሽት አለው እንዴ፣ እኔ የሚያርረው የሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር ብለው ሳቁ። ሥጋና ሞራ እንዳይሰጡት ነገርኳቸው። ስለ ቅቤ አልነገርኳቸውም፤ ለውሻ ቅቤ የሚሰጥ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

በቀጣዩ ክረምት ጦርነቱ ከቆቦ ወደ ወልዲያ፣ ከወልዲያም ወደ እኛ ሲወርድ፣ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከነጎድጓዱ አልለይ ይለን ነበር። ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደሴ ሲጎርፍ አባባ በእግሬ ደሴ ድረስ ሄጄ አልሞትም፣ እዚሁ እሞታለሁ ብለው ቀሩ፤ እኔም አብሬያቸው ቀረሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ገባች፣ መብራት ጠፋ፣ ስልክም ጠፋ። እናቴ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውል ስለነበር፣ ኔትወርኩ ከተቋረጠም በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር ስልኩን ይዤ ደጃፍ ላይ እቀመጥ ነበር፣ ባትሪው እስኪሞት ድረስ። ባትሪው ከሞተም በኋላ ሁለት ዓርብ ተቀምጫለሁ።

ጓደኞቼ ሁሉ ሄደው ነበር። አባባ ድሮም ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ ያን ጊዜማ ከሰላትና ከዱዓ ውጪ ድምፃቸው አይሰማም ነበር። ስለዚህ የማወራው ከዳልቻ ጋር ነበር፤ አራት ጊዜ ማብላት ማለት አራት ጊዜ ማውራት ማለት ነበር። ሳህኑን አስቀምጬለት፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ለእናቴ በስልክ የምነግራትን ሁሉ ለእሱ እነግረው ነበር። ስልኩ የተመለሰ ቀን መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ እሱ እንደሚሆን አውቅ ነበርና፣ እስከዚያ ቀን በሕይወት ላቆየው ብቻዬን ወሰንኩ።

መስከረም ሲጠባ ለዳልቻ የምቀቅልለት ሩዝ አለቀ። ወፍጮ ቤቱ መብራት ስላልነበረው ሰው ንፍሮና ቆሎ ይበላ ነበር፤ ዳልቻ ግን ንፍሮ እንደዋጠ ይመልሰዋል። እኔም ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ ጓሮ ወድቆ የነበረውን አሮጌ የድንጋይ ወፍጮ ለምኜ፣ ማሽላ በእጄ እየፈጨሁ፣ በውኃ ብቻ አገነፋለት ጀመር። እትዬ ዘይነብ አጠገቤ ቆመው፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፣ ያንቺው ግን መጮኹም ተስኖታል ይሉኝ ነበር። የሰው ልጅ በተራበበት ዘመን ለውሻ ዱቄት መፍጨት ነውር እንደሆነም ነግረውኛል፤ ወፍጮውን ግን አልከለከሉኝም።

ጥቅምት ላይ ማሽላው በየማሳው ገና እሸት እያለ የቤታችን ጆንያ ጎደለ፤ አባባም እህሉን በጣሳ እየለኩ ለሁለታችን ብቻ ያወጡ ጀመር። የዳልቻ ድርሻ የሚባል አልነበረም። እኔ የራሴን ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን እየፈጨሁ ለእሱ አደርገው ነበር። ሰውነቴ እየመነመነ ሄዶ ቀሚሴ ሰፋኝ፣ ከወንዝ ውኃ ስቀዳ ጀሪካኑን መንገድ ላይ ደጋግሜ አወርድ ጀመር። አባባ ይህን ያዩ አይመስለኝም ነበር።

በኅዳር አንድ ጠዋት ጀሪካኑን አዝዬ ከወንዝ ስመለስ፣ አባባ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። ለሰላት ውዱእ የሚያደርጉ መስሎኝ ላልፍ ስል፣ ከቆርቆሮው አፈር ዘግነው መዳፋቸውን ሲያሹበት አየሁ፤ ከንፈራቸውም ይቆጥር ነበር። ጀሪካኑን ሳላወርድ ቆምኩ። ዳልቻ ጥላው ሥር ተኝቶ አፍንጫውን ይልሳል፣ ጢሙ ላይ ቢጫ ነገር ያብለጨልጫል።

«ምን ሰጡት አባባ?» አልኳቸው።

«ቅቤዋን አጠጣሁት» አሉኝ እያፈሩ። «በቅሎም ቢሆን ሲከሳ የሚያነሳው ቅቤ ነው። እሱ ከበረታ አንቺ የራስሽን ትበያለሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ያቺ ቅቤ መንገዱ ሳይዘጋ ከግራና ከተማ ዘመድ ያመጣላቸው፣ በቅል ተሰቅላ የኖረች፣ ጉልበታቸውን ሲቆረጥማቸው ብቻ በጣታቸው ጫፍ የሚቀቧት ነበረች። ሁሉንም አቅልጠው፣ አፉን በእጃቸው ፈልቅቀው አጠጥተውታል። በእኛ አገር አራስም ትሁን በሽተኛ፣ የከሳ ሁሉ በቅቤ ነው የሚጠገነው፤ አባባ ከሚያውቁት ደግ ነገር ሁሉ የበለጠውን አድርገው ነበር። እኔ ግን ቆሽቴ አረረ። ልጮኽባቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አየሁት፤ አፈሩ ገና ከጥፍራቸው ሥር አልወጣም ነበር።

«ደግ አደረጉ» ብያቸው ወደ ውስጥ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ዳልቻ ፊት እግሮቹን ዘርግቶ ወገቡን አነሳ። የሠራሁለትን ገንፎ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ሐኪሙ ከተማውን ለቆ ከሄደ ወራት ሆኖት ነበር፤ የምጠራው ሰው አልነበረኝም። በጨርቅ ውኃ እየነከርኩ ከንፈሩን አረጥብ ነበር። ሁለት ቀን እንዲህ ሆኖ በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ዙሁር ሲሰገድ ሞተ። አባባ ራሳቸው በዶማ ቆፍረው ጓሮ ካለው የብርቱካን ዛፍ ሥር ቀበሩትና፣ አጀሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው፣ ቅቤዋ ባትኖር ይኼን ታህልም አይቆይም ነበር አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እስከ ማሽላው አጨዳ ድረስ ጠላኋቸው። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ። እንዳሰቡት ሙሉ ድርሻዬን እበላ ነበር፣ ጉልበቴም ተመልሶልኝ ነበር፣ እሳቸውም ስበላ ካዩ በኋላ ነበር የራሳቸውን የሚያነሱት። እኔ ግን እየበላሁ እጠላቸው ነበር። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሆነን፣ የሁለት ሰው ድምፅ አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ፣ የሸሸው ሰው ተመለሰ፣ ቆይቶም ስልኩ መጣ። እናቴ ድምፄን ስትሰማ ብዙ አለቀሰች፤ ስለ አባባ ጠየቀችኝ፣ እንዳሰብኩት መጀመሪያ ባይሆንም ስለ ዳልቻም ጠየቀችኝ። አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። በሽታው ተነስቶበት ሞተ አልኳት። ምን በልቶ ነው ስትለኝ ከገንፎ በቀር ምንም አልቀመሰም አልኩ። አባባ ዓይናቸውን ወደ ውጭ መለሱ።

አሁን ስልኩ አይቋረጥም፤ ከእናቴ ጋር ስፈልግ እየተያየን እናወራለን፣ ለአባባም ከወልዲያ በየማታው እየደወልኩ በልተዋል ወይ እላቸዋለሁ። ባለፈው ወር መርሳ ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ፣ ዓይናቸው ደክሟልና ፊቴን በእጃቸው ፈልገው ዳበሱኝና፣ ስለምንም ነገር ሳናወራ ድንገት ጠየቁኝ።

«ሰዓዳ፣ ያኔ ቅቤዋ ከብዳው ይሆን እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዘውት እንደኖሩ አላውቅም። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር።

«አይ አባባ፣ አነሰችው እንጂ» አልኳቸው።

አልሐምዱሊላህ ብለው እጃቸውን ከፊቴ አወረዱ። ማመናቸውን አላውቅም፤ ቀና ብዬም ላያቸው አልቻልኩም። ያኔ የሚከብደኝ የማወራው ሰው ማጣቴ ነበር። አሁን አባባ አጠገቤ ተቀምጠው፣ የምነግራቸው አለኝ፣ አልነግራቸውም።