የጋሽ መርዕድ ሽፋኖች

ዛሬ በምኖርበት ኮዬ ፈጬ ጎረቤቴ በሯን ስታስቀባ፣ የቀለሙ ሽታ አቃቂ በሰቃ ወደነበረው የጋሽ መርዕድ ሱቅ መለሰኝ።

ጋሽ መርዕድ የሟቾችን ምስል ከጉርድ ፎቶ እያዩ የሚስሉ ሰዓሊ ነበሩ። ለእኛ ለልጆች ደግሞ ኮሚክ፣ የጀግኖች ታሪክ በሥዕል የሚነገርበትን መጽሐፍ፣ ያከራዩናል። የተገነጠለውን ሽፋን ካርቶን ላይ ራሳቸው ይስሉታል፤ ለጀግኖቹ የሚሰጧቸው ግን የሰፈራችንን ሟቾች ፊት ነው። በሕይወት ሳሉ ያነክሱ የነበሩት ዘበኛ ሽፋኑ ላይ ከሕንፃ ሕንፃ ይዘላሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሽፋን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ዓይኔን የያዘው የለም።

አንድ ቀን አባቴን ሽፋን ላይ ሲበር አገኘሁት። ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

«ጋሽ መርዕድ፣ እኔንም እዚህ ጋ ይሳሉኝ» አልኩ፣ ከአባዬ ጎን ያለውን ሰማይ እያሳየሁ።

«በስማም! ምን ሟርት ነው? አንቺ ገና ነሽ። ሂጂ ተጫወቺ!»

ያሳየኋቸውን ቦታ በጥቁር ደመና ሞሉት። መልኬ ያላማራቸው መስሎኝ እያለቀስኩ ወጣሁ።

አሁን ለምን እንደሸፈኑት ይገባኛል። ቢሆንም አባቴን ባሰብኩት ቁጥር፣ ከደመናው ወዲያ ሆኖ ሲፈልገኝ ይታየኛል።